«አደጋ»፣ «ደኅንነት»፣ «የመከነ»፦ በላቦራቶሪ ዕቅድ ሰነዶች አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላት አሰያየም ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚሽከረከረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ ይኸውም ቃሉ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ከግዕዝ ይወለድ የሚሉ አሉ፤ ከሕዝብ አንደበት ይለቀም የሚሉ አሉ፤ የውጭው ቃል እንዳለ ይወሰድ የሚሉም አሉ። ሦስቱም ወገኖች የየራሳቸው ማስረጃ አላቸው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል፤ ቃሉ ከመዝገበ ቃላት ወጥቶ ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ ምን ያሠራል? የልብ ወለድ ትርጉም ቢዛነፍ አንባቢው ቅር ይለው ይሆናል። የተላላፊ በሽታ ምርምር የሚካሄድበት ላቦራቶሪ የዕቅድ ሰነድ ቢዛነፍ ግን ቃሉ ግድግዳ፣ በር፣ የአየር መተላለፊያና የፍሳሽ ቧንቧ ሆኖ ይቆማል። ከቆመ በኋላ እርማቱ በቀይ ቀለም የሚፈጸም አይሆንም።

ለሂሳችን መነሻ ያደረግነው የዓለም ጤና ድርጅት የላቦራቶሪ ባዮሴፍቲ መመሪያን ነው። መመሪያው መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ በ1993፣ በ2004 እና በ2020 ታድሶ ወጥቷል። አገሮች የየራሳቸውን መመሪያ ሲያዘጋጁ የሚመለከቱት ሰነድ በመሆኑ፣ በአማርኛ የሚጻፍ የሥልጠና ጽሑፍም ሆነ የግንባታ መግለጫ የእርሱን ጽንሰ ሐሳቦች መሸከሙ አይቀርም። ሦስተኛው እትም ረቂቅ ተሕዋስያንን በአራት ቡድኖች፣ ላቦራቶሪዎችንም በአራት ደረጃዎች መድቦ፣ ሁለቱን በሠንጠረዥ አያይዞ ያቀርባል። አራተኛው እትም ይህን ማያያዣ ትቶ፣ የጥንቃቄው መጠን የሚወሰነው በቦታው የሚካሄደው ሥራ፣ የሠራተኛው ችሎታና የመሣሪያው ሁኔታ ተመዝኖ ነው ይላል። ለውጡ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የቃልም ለውጥ ነው። የአሮጌውን እትም ቃላት ይዞ አዲሱን የሚተረጉም ሰው የተሻረውን አሠራር ሳያውቀው መልሶ ያጸድቃል።

1. «አደጋ» ስንት ነገር ይሸከማል?

መመሪያው አራት ጽንሰ ሐሳቦችን በአራት የተለያዩ ቃላት ይጠራል። የመጀመሪያው ጉዳት ማድረስ የሚችለው ነገር ወይም ሁኔታ ራሱ ነው፤ እንግሊዝኛው «ሃዛርድ» ይለዋል። ሁለተኛው ለጉዳት ሊዳርግ የሚችለው ክስተት ነው። ሦስተኛው የደረሰው ጉዳት ነው። አራተኛው «ሪስክ» የሚባለው ሲሆን፣ ክስተቱ የመድረስ ዕድሉና ቢደርስ የሚያስከትለው ጉዳት ክብደት ተጣምረው የሚሰጡት ልክ ነው። ከእነዚህ አራቱ ሦስቱን፣ አንዳንዴም አራቱንም፣ አማርኛ ተርጓሚ «አደጋ» ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። ውጤቱም «አደጋውን ለዩ፤ አደጋውን መዝኑ፤ አደጋውን ቀንሱ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም፤ ትእዛዝነቱ ግን ባዶ ነው። የሚለየው ተሕዋሲው ነው፤ የሚመዘነው ዕድሉና ክብደቱ ነው፤ የሚቀነሰውም ይኸው ልክ እንጂ ተሕዋሲው አይደለም። የሳምባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ጎጂነቱ በማንም መመሪያ አይቀነስም።

ይህ የፊደል ቈጠራ ክርክር እንዳይመስል አንድ ማስረጃ እንጨምር። ሮበርት ፓይክ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት ከላቦራቶሪ ሥራ ጋር የተያያዙ 3,921 ሕመሞችን መርምረው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከታወቀ አደጋ ጋር ሊያያዙ የቻሉት ከ20 በመቶ ያነሱ ናቸው። መርፌ አልወጋቸውም፤ ጠርሙስ አልተሰበረባቸውም፤ ሆኖም ታመዋል። እንግዲህ በአማርኛ «አደጋ» ሲባል አንባቢ የሚጠብቀው የሚታይና የሚሰማ ድንገተኛ ነገር ነው፤ መኪና ይጋጫል፣ እሳት ይነሣል። «ሪስክ» በ«አደጋ» ከተተረጐመ የላቦራቶሪው ሠራተኛ የሚጠነቀቀው ለሚሰበረው ጠርሙስ ይሆናል፤ ብዙዎቹን የጐዳው ግን ማንም ያላየው ክስተት ነው።

«ስጋት» የሚለው ቃል ከዚህ ይሻላል። «የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር» በሚለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስያሜም ሥር ሰዷል። እኛም እንዲነቀል አንጠይቅም። ነገር ግን «ስጋት» መነሻው የሰው ልብ ነው፤ የሚሰጋ ከሌለ ስጋት የለም። ለሃያ ዓመት ሳይታመም የሠራ ባለሙያ «እኔ ስጋት የለብኝም» ቢል አማርኛው ይደግፈዋል፤ ሳይንሱ ግን አይደግፈውም። ስለዚህ ልክ መሆኑ እንዲሰማ «የስጋት መጠን» ተብሎ ቢጻፍ የተሻለ ነው እንላለን። ለመጀመሪያው ጽንሰ ሐሳብ ደግሞ አማርኛ ባለቤት የሌለው አንድ ጥሩ ቃል አለው፤ እርሱም «ጠንቅ» ነው። «ለጤና ጠንቅ ነው» ሲባል የጉዳቱ ምንጭ እንጂ የደረሰው ጉዳት እንዳልተባለ ማንም ይረዳል። «ጠንቁን ለዩ፤ የስጋቱን መጠን መዝኑ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ያዛል።

የዚህ ልዩነት ዋጋ በሳምባ ነቀርሳ ላቦራቶሪ ላይ ጎልቶ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ በሽታ ባወጣው መመሪያ፣ አክታን በቀጥታ በማይክሮስኮፕ መመርመርና ባክቴሪያውን አራብቶ የመድኃኒት መቋቋም ምርመራ ማድረግ በአንድ ረድፍ አይቀመጡም፤ የመጀመሪያው የስጋት መጠኑ ዝቅተኛ፣ ሁለተኛው ከፍተኛ ነው። ጠንቁ አንድ ነው፤ የስጋት መጠኑ ግን ሁለት ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ ሰነድ ከሁለት ስሕተቶች አንዱን ይፈጽማል፤ ወይ ለተራው ምርመራ የማይቻል ወጪ ያዝዛል፣ ወይ ለአደገኛው ሥራ ተራ ክፍል ይፈቅዳል።

2. «ደኅንነት» እና ሁለቱ በሮች

ሦስተኛው እትም ባዮሴፍቲንና ባዮሴኪዩሪቲን ለይቶ ተርጉሟል። የመጀመሪያው ባልታሰበ ሁኔታ ሰው ለተሕዋሲ እንዳይጋለጥ ወይም ተሕዋሲው እንዳያመልጥ የሚደረግ ነው። ሁለተኛው ተሕዋሲው እንዳይጠፋ፣ እንዳይሰረቅ፣ ሆን ተብሎ ለጥፋት እንዳይውል የሚደረግ ነው። በአጭሩ አንደኛው ሰውን ከተሕዋሲው፣ ሁለተኛው ተሕዋሲውን ከሰው ይጠብቃል።

አማርኛ ሁለቱንም «ደኅንነት» ይላል፤ የትራፊክ ደኅንነትም ደኅንነት ነው፣ የመረጃና ደኅንነት አገልግሎትም ደኅንነት ነው። በዚህ አማርኛ ብቻውን አይደለም፤ ጀርመንኛም ለሁለቱ አንድ ቃል ነው ያለው። ፈረንሳይኛ ደግሞ ሁለት ቃላት ቢኖሩትም ለባዮሴፍቲ የሚሰጠው «ባዮሴኩሪቴ» የተባለውን ነው፤ ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ እያመሳከረ የሚተረጉም ሰው በድምፅ ተመሳሳይነት ተታሎ ሁለቱን ሊያለዋውጥ ይችላል።

ሁለቱን መለየት ለምን ያስፈልጋል? በአንድ በር ላይ ስለሚጋጩ ነው። የመጀመሪያው ወገን በሩ ከውስጥ በቀላሉ እንዲከፈት፣ በላዩም የጠንቁ ምልክትና በውስጡ ያለው ተሕዋሲ ስም እንዲለጠፍ ይፈልጋል። ሁለተኛው ወገን በሩ እንዲቈለፍ፣ በውስጡ ያለውም ለማንም አላፊ እንዳይነገር ይፈልጋል። ዐቃጁ ሁለቱን አስታርቆ መንደፍ አለበት። ሰነዱ ግን «በሩ ደኅንነቱ የተጠበቀ ይሁን» ብቻ ካለ ግጭቱ ከዐቃጁ ዐይን ይሰወራል፤ ግንበኛው ጠንካራ ቁልፍ ገጥሞ ይሄዳል፤ እሳት የተነሣ ዕለት በውስጥ ያለው ሠራተኛ የትርጉሙን ዋጋ ይከፍላል።

ቋንቋችን ይህን ዓይነት መንታ ቃል ከዚህ በፊት ለይቶ ያውቃል። «የምግብ ደኅንነት» ሲባል ምግቡ እንዳይመርዝ፣ «የምግብ ዋስትና» ሲባል ምግቡ እንዳይታጣ መሆኑን ዛሬ ማንም አይስተውም። በዚሁ መንገድ ለባዮሴፍቲ «የላቦራቶሪ ደኅንነት»፣ ለባዮሴኪዩሪቲ «የላቦራቶሪ ጥበቃ» ቢባል ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይሰማል። «የተሕዋስያን ጥበቃ» የሚለውን ግን አንመክርም፤ «የአካባቢ ጥበቃ» የለመደ ጆሮ ተሕዋስያኑን እንደ ዱር አራዊት ለመንከባከብ የታሰበ አድርጎ ሊሰማው ይችላል።

«ደኅንነተ ሕይወት» የሚለውን የሚያቀርቡም አሉ። ቃሉ ያማረ ነው፤ ከ«ብዝኀ ሕይወት» ጋርም ይሰናሰላል። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 655/2001 ይህን ስያሜ ልውጠ ሕያዋንን ለሚመለከተው ሕግ ሰጥቶታል። እንግሊዝኛው ለሁለቱም ባዮሴፍቲ ቢልም፣ የተለወጠ ዘር ወደ አገር ማስገባትና የአክታ ናሙናን በጥንቃቄ መያዝ አንድ ጉዳይ አይደሉም። ሕግ የያዘውን ስያሜ ለሌላ ጽንሰ ሐሳብ ማከራየት አያስፈልግም።

3. «ደረጃ» ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች?

የእንግሊዝኛው የደረጃ ቍጥር ከ1 ወደ 4 ሲወጣ ጥንቃቄው ይጨምራል። በአማርኛ ግን «አንደኛ ደረጃ ላቦራቶሪ» ብንል ምን ይሰማል? አንደኛ ደረጃ ሆቴል፣ አንደኛ ደረጃ ዕቃ ብለን የለመድን ሰዎች ከሁሉ የበለጠውን እንሰማለን። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንል ደግሞ መጀመሪያውን እንሰማለን። በሥራ ተቋራጮች ዘንድ ደረጃ 1 ከሁሉ የላቀው ነው፤ ቍጥሩ ሲጨምር ዐቅሙ ይቀንሳል። ሰነዱን በእጁ ይዞ የሚገነባው ግን ይኸው ተቋራጭ ነው። ስለሆነም የደረጃ ተራ ቍጥር ብቻውን መቆም የለበትም፤ ወደየት እንደሚያድግ የሚያሳይ ስም ይከተለው ዘንድ ያስፈልጋል።

ያ ስም «ኮንቴይንመንት» የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ነው፤ በውስጥ ያለውን እንዳይወጣ አድርጎ መያዝ ማለት ነው። «እገታ» ለዚህ ቀርቦ የነበረ ቢሆን ኖሮ ዛሬ መጣል ነበረበት፤ ቃሉ ሰውን በኀይል ይዞ ማስቀረት በሚለው ትርጉም ተወርሷልና። «ማዕቀብም» በፖለቲካ ተይዟል። «ከለላ» የሚጠለለውን እንጂ የሚታሰረውን አያመለክትም። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ «ዐቀበ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የሚገኘው «ዕቅበት» ይሻለናል። ዘሩ በ«ዐቃቤ ሕግ» እና በ«ዐቃቤ ነዋይ» ለሁሉም የታወቀ ነው፤ መያዝንና መጠበቅን በአንድነት ይገልጻል። «የዕቅበት ደረጃ 3» የሚል ሰነድ ቍጥሩ ሲያድግ ምን እንደሚጠብቅ ይናገራል።

ዕቅበት የክፍል ወይም የግድግዳ ስም አለመሆኑን ግን ደጋግመን ማስገንዘብ እንወዳለን። እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ አገር ፒርብራይት በተባለ ቦታ ከነበሩ ላቦራቶሪዎች የአፍተግር ቫይረስ አምልጦ በአቅራቢያው ያሉ ከብቶችን ለክፏል። ምርመራው ሊሆን ይችላል ብሎ ያመለከተው ያረጀና የሚያፈስ የፍሳሽ ቧንቧ ነው። ግድግዳዎቹ ቆመው ነበር። «ኮንቴይንመንት ላቦራቶሪ»ን «የተከለለ ክፍል» ብሎ የሚተረጉም ሰው ቧንቧውን ከትርጉሙ ውጭ ይተወዋል።

4. ስለ አየርና ስለ «ሁድ»

«አሉታዊ ግፊት» የሚለው ሐረግ በቃል በቃል ትርጉም የተገኘ ነው። በሒሳብ «አሉታዊ ቍጥር» ስለሚባል ሕጋዊ ይመስላል። ነገር ግን «ግፊት» በዛሬው አማርኛ ተጽዕኖ ማለት ጭምር ስለሆነ፣ ሐረጉን ያለ ዐውዱ የሚያነብ ሰው መጥፎ ተጽዕኖ ብሎ ሊረዳው ይችላል። ይህ ባይሆን እንኳ ሐረጉ ዋናውን ነገር አይነግረንም፤ ግፊቱ ያነሰው ከምን ነው? ጽንሰ ሐሳቡ የንጽጽር ነው። የክፍሉ አየር ግፊት ከመተላለፊያው ያንሳል፤ በዚህም ምክንያት በሩ ሲከፈት አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ወደ ውጭ አይወጣም። «ግፊቱ ከአዋሳኝ ክፍሎች ያነሰ ክፍል» የሚለው ረጅም ነው፤ መሐንዲሱ የሚለካውን ግን ያሳየዋል። እኛ እዚህ ላይ ርዝመትን ከጨለማ እንመርጣለን።

«ሁድ» የሚለው ውሰት ደግሞ በሥራ ቦታ ንግግር ሦስት መሣሪያዎችን ይጠራል። አንደኛው የኬሚካል ጭስ እየሳበ በቧንቧ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ነው። ሁለተኛው የተጣራ አየር በሥራው ላይ እያሳለፈ ወደ ሠራተኛው ፊት የሚነፋው የንጹሕ ሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ይህ ናሙናውን ከአቧራ ይጠብቃል፣ ሠራተኛውን ግን አይጠብቅም፤ ተላላፊ ናሙና ፈጽሞ አይሠራበትም። ሦስተኛው በፊቱ አየር ወደ ውስጥ እየሳበ፣ የሚወጣውንም በማጣሪያ እያሳለፈ ሠራተኛውን የሚጠብቀው ነው። የማጣሪያው ልክ የሚነገረው በ0.3 ማይክሮሜትር ብናኝ ላይ 99.97 በመቶ በሚል ነው። የግዢ ሰነድ «ሁድ ይገዛ» ካለና ዋጋው ያነሰው ሁለተኛው ሆኖ ከተገኘ፣ ተሕዋሲውን በሠራተኛው ፊት ላይ የሚነፋ መሣሪያ በሕጋዊ ጨረታ ይገባል። ውሰትን አንቃወምም፤ የምንቃወመው ለሦስት ነገር አንድ ውሰትን ነው። «ጭስ ሳቢ»፣ «የንጹሕ ሥራ ጠረጴዛ»፣ «የደኅንነት ካቢኔት» ተብለው ቢለዩ በቂ ነው።

5. «የመከነ» እና የግሡ ጠባይ

የመጨረሻው ነጥባችን ለቋንቋ ተመራማሪ ከሁሉ የበለጠ ያሳስባል። «ማምከን» በአማርኛ የሕክምና መሣሪያን ከተሕዋስያን ፈጽሞ ማጽዳት ነው፤ ፈንጂን እንዳይፈነዳ ማድረግም ነው፤ ቫይረስን ወይም ባክቴሪያን ከመራባት ማገድም ነው። ይህ ስፋት በራሱ ይታረማል። የሚከብደው የግሡ ጠባይ ነው። እንግሊዝኛው ናሙናውን «ኢናክቲቬትድ» ሲለው አንድ ሥራ እንደተሠራበት ይገልጻል። አማርኛው «የመከነ» ሲለው ግን የናሙናውን ሁኔታ ያረጋግጣል፤ ፈንጂው መክኗል ማለት አይፈነዳም ማለት ነው። ትርጉሙ ከምንጩ የበለጠ ቃል ገባ ማለት ነው።

ምንጩ ራሱ እንኳ ብዙዎችን አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 በቻይና ዘጠኝ ሰዎች በሳርስ ተይዘው አንዲት እናት ሞተዋል፤ ምርመራው ጉዳዩን በሚገባ ካልመከነ ቫይረስ ጋር አያይዞታል። በ2014 በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከላት የአባ ሠንጋ ባክቴሪያ መክኗል ተብሎ ዝቅተኛ ጥንቃቄ ወዳለባቸው ላቦራቶሪዎች ተላከ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ እድገት አልታየበትም ነበር፤ ከቀናት በኋላ ግን በቀሪው የማራቢያ ሳሕን ላይ በቅሎ ተገኘ። በ2015 ደግሞ ዳግዌይ ከተባለው የአሜሪካ ጦር መሥሪያ ቤት፣ በጨረር መክኗል የተባለ የአባ ሠንጋ ናሙና በሕይወት እንዳለ ለበርካታ ላቦራቶሪዎች ሲላክ ቈይቶ እንደነበር ታወቀ። በሦስቱም ቦታ የተሠራው ሥራ እንደተገኘ ውጤት ተቈጥሯል።

አማርኛ ይህን ስሕተት ለመከላከል ከእንግሊዝኛ የተሻለ መሣሪያ አለው፤ ግሡን በመለየት «ለማምከን የታከመ» እና «መምከኑ የተረጋገጠ» ማለት ይችላልና። በመያዣው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ከሁለቱ አንዱ እንጂ «የመከነ» የሚለው ብቻውን እንዳይሆን አጥብቀን እንመክራለን። ለመሣሪያም ያው ነው፤ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት ለ15 ደቂቃ መቈየቱ ሕክምናው ነው፤ ሙቀትን ከሚቋቋም የባክቴሪያ ዘር ጋር ገብቶ ዘሩ አለመብቀሉ መታየቱ ማረጋገጫው ነው። ዐቃጁም ሁለቱን ከለየ፣ ማረጋገጫው እስኪደርስ ናሙናው የሚቆይበትን ስፍራ በንድፉ ውስጥ ያስገባል። አንድ ቃል የተለየ እንደሆነ አንድ ክፍል ይጨመራል ያልነው ለማጋነን አይደለም።

6. የውሳኔ ሐሳብ

ከላይ በተጠቀሱት ምክንያቶች የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት እንዲቀርቡ እንጠይቃለን።

ሀ. ለጉዳት ምንጭ «ጠንቅ»፤ ለተመዘነው ልክ «የስጋት መጠን»፤ «አደጋ» ለደረሰው ድንገተኛ ክስተት ብቻ።
ለ. ካልታሰበ መጋለጥና ማምለጥ ለመከላከል «የላቦራቶሪ ደኅንነት»፤ ከስርቆትና ሆን ተብሎ ከሚደርስ ጥፋት ለመከላከል «የላቦራቶሪ ጥበቃ»።
ሐ. እንዳይወጣ ለመያዝ «ዕቅበት»፤ ደረጃውም ዘወትር «የዕቅበት ደረጃ» ተብሎ።
መ. «ለማምከን የታከመ» እና «መምከኑ የተረጋገጠ» ተለይተው።

«ዕቅበት» ለሕዝብ ጆሮ ይከብዳል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ «ለይቶ ማቆያ» የሚለው ስያሜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሁሉም አንደበት የተለመደው ከተራ ግሦች ስለተሠራ ነው። ስለዚህ «ዕቅበት» በርእስና በደረጃ ስያሜ ይግባ፤ ለሠራተኛው በሚሰጥ ትእዛዝ ግን «እንዳይወጣ ያዙ» ይባል። ጽንሰ ሐሳብ ስም ይሻል፤ ሥራ ግሥ ይበቃዋል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ወረርሽኝ በገባ ማግስት በጥድፊያ የሚተረጐም ሰነድ የሚይዘው በእጅ የተገኘውን ቃል ነው፤ ያ ቃልም ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ከሕንጻው ጋር ይቀራል። የእነዚህ ስያሜዎች መፈተኛ መዝገበ ቃላት ብቻ እንዳይሆን እንጠይቃለን። ረቂቁ ለግንበኛው፣ ለግዢ ሠራተኛውና ለጽዳት ሠራተኛዋ ይነበብላቸው፤ ሦስቱም ምን እንደሚያደርጉ በራሳቸው ቃል ይናገሩ። የተናገሩት ምንጩ ከሚለው ጋር ካልገጠመ ስያሜው ለኅትመት አልደረሰም ማለት ነው።